ብቻውን የበላ ንጉሥ

«እስኪመሽ ድረስ እንዳታመጫት» አሏት አጎቷ በስልክ። «ገባሽ? አንድም ነገር ሳትጠረጥር ውላ ትምጣ። የቀረውን ለእኛ ተዪው።»

ልጅቷ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ ቆልፋ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍታ ነበር የምታወራው። ወንድሟ ሌሊት ሞቷል። የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነበር። አንድ ሆቴል ውስጥ ሊፍት ሰው እንደያዘ በሁለት ፎቅ መሃል ቆመና እሱ ተጠራ፤ ሰዎቹን ጎትቶ አወጣቸው፤ የተበላሸውን ሊያይ ተመልሶ ሲገባ ወደ ጉድጓዱ ወደቀ። አጎቷ ይህን የነገሯት ባጭሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያወሩት ሁሉ ስለ እናቷ ነበር።

«ልቧን ታውቂዋለሽ። ሐኪሙ ያለንንም ታውቂያለሽ። በስልክ ወይ በጎረቤት አፍ እንድትሰማው አልፈልግም። እኛ አስከሬኑን እንቀበል፣ ዘመድ ይሰብሰብ፣ ሐኪሙም መጥቶ ይቀመጥ፤ ከዚያ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መዋሸት አልችልበትም።»

«ማን ዋሺ አለሽ? ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ዝም ለማለትማ ካንቺ በላይ ላሳር።»

እውነታቸውን ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተሰቡ የሚጠራት «ጭጭ» እያለ ነው። ስሙን ያወጣላት ወንድሟ ነበር። አሁን ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆና ትሠራለች። የሰው ጽሑፍ እያነበበች የተሳተ ፊደል፣ የጎደለ ነጥብ፣ ከባለቤቱ ያልተስማማ ግስ ስትለቅም ትውላለች። ቀን ሙሉ ከማንም ጋር ሳትነጋገር መዋል የሚቻልበት ሥራ ስለሆነ ትወደዋለች።

ቧንቧውን ዘጋች። ፊቷን ታጠበች፤ ተመልሳ ታጠበች። ስትወጣ እናቷ ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳሎን ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ በእንቁላል አለ።

«ያ ልጅ አልመጣም» አለች እናቷ። «ሊፍቱ ዛሬ ደግሞ የትኛው ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ?»

«ሊፍቱ» የሰፈሩ ሰው ለወንድሟ ያወጣለት ስም ነው። ወደ ተራራዎቹ ቤተ መንግሥቶች የሚወስደውን የአንድ ቀን ጉዞ ትኬት የቆረጠው እሱ ነበር፤ ለእናቱና ለራሱ። እናቷ ክርና መርፌ የምታኖርበት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አላት፤ ክዳኑ ላይ ነጭ ግንብ ተስሏል፤ ሾጣጣ ማማዎቹ ከጥድ ጫካ በላይ ብቅ ብለው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ያን ግንብ እያሳየች ተረት ታወራላቸው ነበር። ግንቡ በእውን እንዳለ፣ በአውቶቡስ ደርሶ መመለስም እንደሚቻል ያወቀው ሊፍቱ ነው።

«ሥራ ይዞት ነው» አለች ጭጭ። «ድንገተኛ ጥሪ። በእኔ ፈንታ አንቺ ሂጂ ብሎኛል።»

«ደወለልሽ?»

«አዎ።»

«ለእኔ ሳይደውል?»

«ተኝታ ይሆናል ብሎ ነው።»

«እኔ? ዛሬ?» እናቷ ሳቀች። «ከወፍ ቀድሜ ነው የተነሳሁት። በይ ልበሺ፣ ጥለውን እንዳይሄዱ። ምነው ዓይንሽ ቀላ?»

«ሳሙና ገብቶበት ነው።»

እናቷ ውሃ ልትቀዳ ወጥ ቤት ስትገባ ጭጭ የእናቷን ስልክ ከእናቷ ቦርሳ አውጥታ ዘጋችውና ከሶፋው ትራስ ሥር ወሸቀችው። ይህንንም ያዘዙት አጎቷ ናቸው።

አውቶቡሱ ውስጥ እናቷ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። አስጎብኚዋ ቀይ ጃንጥላ የያዘች፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ወጣት ናት።

«ይህን ጃንጥላ ያላየ ሰው ጠፍቷል ማለት ነው» አለች በድምፅ ማጉያው። «የጠፋ ሰው ደግሞ እዚያው እስር ቤት ያድራል። ቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ውስጥ ደህና እስር ቤት አለው።»

«ምግብ ይሰጣል?» አለ ከመተላለፊያው ወዲያ ማዶ የተቀመጠ ሽማግሌ።

«ውሃና ዳቦ።»

«ከቤቴ ይሻላል፤ እኔ እጠፋለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ መሆኑን ከተማውን ሳይለቁ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል። የእናቷን ፀጉር አይቶ «ማን ነው እንዲህ የጨፈጨፈዎት?» ብሎ ጠየቀ። እናቷም «ይቺ ልጄ ናት» ብላ ወደ ጭጭ ጠቆመች። «እሷ መቀስ ስትይዝ ጽሑፍ የምታርም ይመስላታል።»

«ስንት ልጆች አሉዎት?»

«ሁለት። አንዷ አትናገርም፣ አንዱ ዝም አይልም። እግዜር አካፍሎ ቢሰጣቸው ምን ነበረበት?»

ጭጭ ፈገግ አለች። ፈገግ ማለት እንደምትችል አታውቅም ነበር። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ፤ አጎቷ «ደህና ናት?» ብለው ጽፈዋል። «ደህና ናት» ብላ መለሰች።

መንገዱ ሽቅብ መጠማዘዝ ሲጀምር እናቷ ቦርሳዋን መፈተሽ ያዘች።

«ስልኬን አይተሻል?»

«ቤት ረስተሽው ይሆናል።»

«አስገብቼዋለሁ እኮ። ወይ እርጅና! በይ ያንቺን ስጪኝ፣ ለዚያ ልጅ ልደውልለት። ሳልሰድበውማ ተራራ አልወጣም።»

«አያነሳም እማዬ።»

«ምን አውቀሽ?»

«ሊፍት ውስጥ ኔትወርክ የለም።»

እናቷ ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። «እውነትሽን ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንዴት ብሎ ያነሳል?» አለች።

ጭጭ ፊቷን ወደ መተላለፊያው አዞረች። ፀጉር አስተካካዩ ከረሜላ ዘረጋላት፤ ወስዳ እስከነወረቀቱ ጨበጠችው። ከውጭ ጉም የተራራውን ወገብ ይዞ ነበር። ጥዶቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ እየወጡ ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጉሙ ተገለጠና ነጩ ግንብ ከነማማዎቹ ታየ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ዋ!» አለ። እናቷ ግን የልጇን ጉልበት ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ፊቷ እንደ ሕፃን ሆኖ ነበር።

ጭጭ ይህን ፊት አይታ፣ ዛሬ የሚበቃኝ ይኼ ብቻ ነው ብላ አሰበች። እስኪመሽ እንዲህ ትሁንልኝ። ነገ ይህ ፊት አይኖርም።

መግቢያው ላይ ከጫማቸው በላይ የሚጠለቅ የጨርቅ ሽፋን ታደላቸው፤ ወለሉ እንዳይጫር ነው። ሁሉም እግሩን እየጎተተ፣ በበረዶ ላይ እንደሚሄድ ሰው እየተንሸራተተ ገባ። ውስጡ ሁሉ ወርቅ ነው፤ መስተዋቱ፣ በሩ፣ የጣሪያው ጥግ። እናቷ እያንዳንዱን ነገር ቀርባ ታያለች፤ ከገመዱ ወዲህ ቆማ አንገቷን አስግጋ። «አቧራውን ማን ይጠርገው ነበር?» ትላለች። «መጋረጃውን እንዴት ያጥቡታል?» አስጎብኚዋም ትወዳት ጀመረች።

የደረሱበት ሦስተኛው ወይም አራተኛው ክፍል የንጉሡ ምግብ ቤት ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ጠረጴዛ መሃሉ ላይ ቆሟል።

«ንጉሡ ሰው እያየው መብላት አይችልም ነበር» አለች አስጎብኚዋ። «አሳላፊ እንኳን አጠገቡ እንዲቆም አይፈልግም። ስለዚህ ይህ ጠረጴዛ ወለሉን ከፍቶ ወደ ታች፣ ወደ ወጥ ቤቱ ይወርዳል። ከሥር ያሉት ሠራተኞች ምግቡን ደርድረው ወደ ላይ ይልኩታል። ንጉሡ ብቻውን ይበላል፤ ሲጨርስ ጠረጴዛው ተመልሶ ይወርዳል። እነሱ እሱን አያዩትም፤ እሱም እነሱን አያይም። አሁን እናሳያችኋለን።»

ጥግ ላይ የቆመው ጥበቃ የብረት መዘውር ያዘና ማዞር ጀመረ። ከወለሉ ሥር ሰንሰለት ሲንቋቋ ተሰማ። ጠረጴዛው ትንሽ ተንገጫግጮ መስመጥ ጀመረ። ቀስ እያለ ወረደ፤ ወለሉ መሃል አራት ማዕዘን ጥቁር ጉድጓድ ቀረ። ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ወጣ፤ የቅባትና የብረት ሽታ ነበረው። ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ ልብሱ የሚሸተው እንደዚያ ነበር።

«ሊፍት ነው!» አለች እናቷ ጮክ ብላ። «ልጄ የሚሠራው እኮ ይሄን ነው!»

ሰዎች ዞረው ፈገግ አሉላት። ፀጉር አስተካካዩ «የኔ ምሳ በደረጃም አይመጣ፣ እንኳን በሊፍት» አለ።

«ጭጭ፣ አየሽ? ገመድ ሳይሆን ሰንሰለት ነው። ምነው ይሄን ባየ!»

ጭጭ ጉድጓዱን እያየች ነበር። ጥልቀቱን መገመት አቅቷት፣ ዓይኗንም መንቀል አቅቷት። እናቷ የምትላትን የሰማችው ከሩቅ ነው። አፏ በራሱ መለሰ።

«አዎ። እንዲህ ያለ ነገር በጣም ይወድ ነበር።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ሰማችው። ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ ታከብበው ነበር። ቶሎ ብላ ወደ እናቷ ዞረች።

«ማለቴ፣ ቢያየው ኖሮ ይወደው ነበር ለማለት ነው። ዛሬ ቢመጣ ኖሮ።»

እናቷ አየቻት። ረጅም አልነበረም አስተያየቷ።

«እሱማ» አለች። «እሱማ ይወደዋል።»

ጥበቃው መዘውሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረ። ጠረጴዛው ባዶውን ወጣ፤ ቦታው ገብቶ ጉድጓዱ ሲዘጋ ሰው አጨበጨበ። እናቷም አጨበጨበች።

ምሳቸውን ከግንቡ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ በሉ። እናቷ ጥቅልሉን ፈትታ የራሷን ድርሻ በላች። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ ብዙ ጊዜ አኝካ፣ ፍርፋሪውን ሳይቀር ለቅማ ጨረሰች። ጭጭ መብላት አልቻለችም። «ቁርጠት ይዞኛል» አለች። «በይ ተዪው» አለቻት እናቷ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አፏን ከፍታ ታጎርሳት ነበር።

ጠረጠረች ወይስ አልጠረጠረችም? ጭጭ ሊገባት አልቻለም። እናቷ ስለ አየሩ ታወራለች። የቤተ መንግሥቱ መስኮቶች ብዛት ያስገረማት ይመስላል። ፖስት ካርድ ከሚሸጠው ሱቅ ገብታ አይታ ወጥታለች። ሁሉም ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ስልክ አልጠየቀችም። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ እንደዚያ ስትነዘንዝ፣ አሁን ጭጭ ስልኳን አውጥታ ለአጎቷ «ደህና ናት» ስትጽፍ እያየች ማን ነው ብላ እንኳን አልጠየቀችም።

ሁለተኛው ግንብ ከፍ ካለ ገደል ጫፍ ላይ ነው። አውቶቡሱ ታች ይቆማል። አስጎብኚዋ ወደ እናቷ መጥታ፣ «እማማ፣ ሽማግሌዎቹን የሚያወጣ ትንሽ መኪና አለ፤ እርስዎ በእሱ ይውጡ» አለች።

«እግር አለኝ፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ ሐኪሙ ዳገት አትውጪ ብሎሻል» አለች ጭጭ።

«ሐኪሙ አብሮን መጥቷል እንዴ?»

በእግራቸው ወጡ። መንገዱ በጥዶች መሃል ይጠመዘዛል፤ መሬቱ እርጥብ ነው። እናቷ በየመታጠፊያው እየቆመች ትተነፍሳለች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ መስሏል። ጭጭ ከቦርሳዋ የእናቷን ክኒን አውጥታ በእጇ ይዛዋለች። ይህ ዳገት ብቻውን ሊገድላት ይችላል ብላ አሰበች፤ ከዚያ አጎቷ ምን ይሉኛል? ይህን በማሰቧ ራሷን ጠላችው።

ይህኛው ግንብ ሳያልቅ የቀረ ነው። ከውጪ ሲታይ ያው የተረት ግንብ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙው ክፍል ያልተለሰነ ጡብ ብቻ ነው። አስጎብኚዋ ወደ ዙፋኑ አዳራሽ አስገባቻቸው። ጣሪያው በሰማያዊና በወርቅ ተስሏል፤ ወደ ላይ የሚያወጡ የእብነ በረድ ደረጃዎች አሉ፤ ከደረጃዎቹ በላይ ግን ምንም የለም።

«ዙፋኑ ታዝዞ ነበር» አለች አስጎብኚዋ። «ሳይደርስ ንጉሡ ሞተ። አንድ ቀን ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ገደሉ ሥር አገኙት። ወድቆ ይሁን ተገፍቶ እስከ ዛሬ አይታወቅም።»

«እናቱ ነበረች?» አለች እናቷ።

«ምን አሉኝ?»

«ንጉሡ ሲሞት እናቱ በሕይወት ነበረች ወይ?»

አስጎብኚዋ ጃንጥላዋን ከእጅ ወደ እጅ አቀያየረች። «አዎ... ነበረች። ከእሱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች።»

«ማን ነገራት?»

«እንጃ፣ እማማ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«አይ፣ እንዲሁ ነው» አለች እናቷ። «እንዲሁ ልወቅ ብዬ ነው።»

ሌሎቹ ወደ ማስታወሻ መሸጫው ሲወርዱ እናቷ በሌላ በር ወደ ሰገነቱ ወጣች። ጭጭ ተከተለቻት። ከሥራቸው ገደል፣ ከገደሉ ሥር የማይሰማ ወንዝ ነበር። እናቷ የድንጋይ መቀመጫ አግኝታ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

«አጎትሽ ነው አይደል፣ አምጥተሽ አውያት ያለሽ?»

ጭጭ ክኒኑን በእጇ አገላበጠችው።

«ስንት ሰዓት ተመለሱ አለሽ?»

«ሲመሽ።»

«አሁን ቤቱ ሞልቷላ።» እናቷ ወደ ገደሉ እያየች ነው። «ወንበር ከየት አመጡ ይሆን? ያቺ የጎረቤት ልጅ ትሆናለች የሰጠቻቸው።»

«እማዬ...»

«ዝም አትበይኝ። ሌላ ቀን ዝም በይ፤ ዛሬ ብቻ ዝም አትበይኝ።»

«ምንም የለም እኮ። 'ነበር' ያልኩት...»

«'ነበር' ስላልሽ አይደለም። 'ነበር' ማለትማ ያለ ነው፤ ሰው ያመልጠዋል። ስታርሚው ነው ያወቅሁት።» እናቷ አሁን ዞራ አየቻት። «እዚያ ማተሚያ ቤት የሰው ስታርሚ ትውያለሽ እንጂ፣ አንቺ ቤት ውስጥ የተናገርሽውን አርመሽ አታውቂም። አንድ ቃል ትያለሽ፤ የገባው ይገባዋል፤ ያልገባው ገደል ይግባ ነው ያንቺ ነገር። ዛሬ ግን 'ማለቴ' አልሽ። ከተወለድሽ 'ማለቴ' ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅም።»

ጭጭ ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀቻቸው ውሸቶች ሁሉ አሁንም አፏ ውስጥ ነበሩ፤ አንዳቸውም አልወጡም።

«ንገሪኝ» አለች እናቷ።

«አልችልም። ሐኪሙ አለ፤ ጋሼ ራሳቸው ይነግሩሻል። ልብሽ...»

«ልቤ ከዚያ ጉድጓድ ጀምሮ አውቆታል። እስካሁን ከቻለው ከእንግዲህም ይችለዋል።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «ዕድሜዬን ሆስፒታል ስልክ ሳገናኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ታውቂያለሽ። መርዶ ሁሉ በእኔ ጆሮ ነው የሚያልፈው። መርዶ ከሚሰማው ሰው ኋላ ብዙ ሰው ሲኖር በስልኩ ይሰማኛል፤ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ የሚሰማውን ሰው ያያል። ያ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያለቅሰው ለእነሱ ነው። እነሱ እስኪጠግቡ። እኔ ልጄን እንደዚያ አልሰማም። ያ ንጉሥ ሞኝ አልነበረም። እዚህ ማንም አያውቀኝም፤ ማንም አያየኝም። እዚህ ንገሪኝ።»

ጭጭ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ብዙ ዓረፍተ ነገር ሞከረች በልቧ። አንዱ ረጅም ነበር፤ አንዱ ስለ ፈጣሪ ነበር። ሁሉንም ሰርዛ የቀረውን ተናገረች።

«ወንድሜ ሞተ፣ እማዬ።»

እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። ቀኝ እጇ የመቀመጫውን ጠርዝ እየዳበሰ ነበር፤ የሆነ ነገር የጠፋበት ይመስል። ከጉሮሮዋ ዝቅ ያለ፣ ቃል ያልሆነ ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ ቆመ። ጭጭ ክኒኑን አጎረሰቻት፤ እንደ ልጅ ምላሷን አንስታ ተቀበለቻት።

«መቼ?»

«ሌሊት።»

«ወድቆ?»

«ወድቆ።»

«ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ሊፍቱ ውስጥ የነበሩት። ያለ ሰው በሌሊት አይጠሩትም።»

«አውጥቷቸዋል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ድሮ የፈተና ውጤቱን ይዞ ሲመጣ የምትነቀንቀው እንደዚያ ነበር፤ ጥሩም ሲሆን፣ መጥፎም ሲሆን። እንባ አልመጣላትም። ጭጭ ግን አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታወጣ፣ እጅጌዋን አፏ ውስጥ ከታ። እናቷ ጀርባዋን ትዳብሳት ጀመር። «አይዞሽ» አለቻት። «አይዞሽ የኔ ጭጭ። ከጠዋት ጀምሮ ብቻሽን ይዘሽው ዋልሽ አይደል?»

በሩ ተከፈተና ፀጉር አስተካካዩ ገባ። ኮፍያ ገዝቷል፤ የግንቡ ሥዕል ያለበት።

«እዚህ ናችሁ እንዴ! እስቲ አንሱኝ፣ ገደሉ ከኋላዬ ይታይ» ብሎ ስልኩን ሰጣት። ጭጭ ፊቷን ጠርጋ ተነስታ አነሳችው። «ብርዱ አይጣል ነው፣ ዓይን ያስለቅሳል» አለ እሱ። «እናንተንስ ላንሳችሁ? እንዲህ ያለ ቦታ ተመጥቶ ያለ ፎቶ?»

ጭጭ አይሆንም ልትል ስትል፣ «አንሳን» አለች እናቷ።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። «ፈገግ በሉ እንጂ፣ የቀብር ፎቶ አስመሰላችሁት!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። እናቷ የካፖርቷን ቁልፍ አስተካከለች፤ ወደ ካሜራው ቀና ብላ አየች። ፈገግ አላለችም። እሱ ግን «ቆንጆ!» ብሎ የጭጭን ቁጥር ጠይቆ ፎቶውን ላከላትና ወጣ።

«አሁን ስሚኝ» አለች እናቷ በሩ ከተዘጋ በኋላ። «ቤት ስንገባ እኔ ምንም አልሰማሁም። አጎትሽ ያዘጋጀውን ይንገረኝ። እጮሃለሁ፣ እወድቃለሁ፣ የሚደረገውን ሁሉ አደርጋለሁ። ነገረችኝ ካልኩ ግን አንድ ነገር ብሆን በአንቺ ነው የሚያላክኩት። ዕድሜ ልክሽን ነው የሚያወሩሽ።»

«ያውሩኝ።»

«አያወሩሽም። አንዱን ልጄን ሞት ወሰደ፤ የቀረችኝን የሰው ምላስ አይበላትም።»

ሲመለሱ አውቶቡሱ ዝም ያለ ነበር፤ ሰው ደክሞት አንገቱን ጥሏል። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አልተኛም። «ያ የሊፍት ሠራተኛ ልጅዎ ምነው ሳይመጣ ቀረ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሥራ ይዞት ነው» አለች እናቷ።

«ወጣት ሲሠራ ነው ደስ የሚለው።»

«አዎ» አለች እናቷ። «ሠራተኛ ነው።» ከዚያ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ከተማው እስኪገቡ ድረስ ዓይኗን ሳትከድን ጨለማ የሚመስለውን ጫካ ስታይ ሄደች።

ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ መሽቷል። መብራቱ በሁሉም ክፍሎች በርቷል፤ አጥሩ ጥግ የማያውቋቸው መኪኖች ቆመዋል። የደጁን በር የከፈቱት አጎቷ ራሳቸው ናቸው። ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ከኋላቸው ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ፣ ሁሉም ወደ በሩ ዞሮ ይጠብቃል። ሐኪሙ ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ ጥግ ተቀምጧል።

«ምነው?» አለች እናቷ። «ምን ሆናችሁ?»

ጥሩ አድርጋ ነው ያለችው። ጭጭ የእናቷን እጅ እንደያዘች ነበር።

አጎቷ የእናቷን ሁለት ትከሻዎች ያዙ። ያዘጋጁትን ተናገሩ፤ ስለ ሰው ልጅ ዕድል፣ ስለ ጽናት፣ ከዚያም ስለ ልጇ። ሲጨርሱ ሴቶቹ ጮኹ። እናቷ ግን አልጮኸችም። አፏን ከፈተች፤ ጭጭ አየቻት፤ ለመጮህ ከልቧ ሞከረች። ምንም አልወጣም። እንደተከፈተ ቆየ አፏ፤ ከዚያ ተዘጋ።

«አልገባትም» አለ አንድ ሰው።

«ልጅሽ ነው የሞተው» አለች አንዲት ዘመድ እያለቀሰች። «ሊፍቱ እኮ ነው፣ እቴ!»

አጎቷ ደገሙላት፤ አሁን ባጭሩ፤ ስሙን ጠርተው፤ ጆሮዋ ላይ ጮክ ብለው። ሐኪሙ ተነስቶ የእጇን ትርታ ያዘ። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል። እሷ ግን ደርቃ ቆማ ታያቸዋለች፤ ብዙ ሰዓት የተራመደች፣ መቀመጥ የምትፈልግ ሴት ይመስል።

ያኔ አጎቷ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ከእናቷ ትከሻ በላይ ጭጭን አዩዋት።

«ነገርሻት እንዴ?» አሉ።

ጭጭ ልትናገር ነበር። እውነቱን ልትናገር ወስና ነበር።

«ማንም አልነገረኝም» አለች እናቷ። ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ፤ የተሰበረውም እዚህ ውሸት ላይ ነው። «እሷ ምን ትናገራለች? እሷ መቼ ተናግራ ታውቃለች?»

ከዚያ የልጇን እጅ ለቀቀች፤ ሴቶቹ ወደሰጧት ወንበር ሄዳ ተቀመጠችና ለቅሶው መጣላት።